ድልድይ ከመቁረጥ እስከ ኮድ መለዋወጥ

ከሞጣ ከተማ ወደ ሰሜን ሲወረድ፣ ዓባይ ጎጃምን ከጎንደር በሚለይበት ገደል ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሰባራ ድልድይ ይሉታል። ስሙ የወጣለት በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ጠላት እንዳይሻገርበት የመካከሉን ቅስት አርበኞች አፈረሱት። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ ክፍተቱ ግን ቀረ። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ የወዲህና የወዲያ ማዶ ሰው እህሉንና ሸቀጡን ይዞ የሚሻገረው ገመድ እየተጣለለት፣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየተጎተተ ነበር። ቅስቱ የተጠገነው በ1994 ዓ.ም. ነው፤ እሱንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በመጨረሻ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

በዚያው የጦርነት ዘመን በቢቸና በኩል የመከላከሉ ዘዴ ሌላ ነበር። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ ጠላትን አንድ ቦታ ቆሞ አልጠበቀም። ደፈጣ ይጥላል፣ ይመታል፣ ቦታውን ይለቃል። ባንዳ ትናንት ማታ ያመጣው ወሬ ዛሬ ጠዋት አይሠራም፤ ሰውዬው እዚያ የለማ።

ቆርጦ መከላከልና ቦታ እየለወጡ መከላከል፦ የኮምፒውተር ሥርዓቶችን ከጥቃት የመጠበቅ ታሪክም በእነዚህ ሁለት መንገዶች ላይ የተጓዘ ነው። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ሞክራለች።

ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት የሆነበት ዘመን

ጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ሮበርት ሞሪስ የተባለ የአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሷን እያባዛች ከማሽን ወደ ማሽን የምትሄድ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ያን ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙት ኮምፒውተሮች 60,000 ገደማ ነበሩ፤ በግምት 6,000 የሚሆኑት ተጠቁ። ፕሮግራሟ ከተጠቀመችባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይህ ነበር፦ ለመልእክት መቀበያ ከተዘጋጀው ቦታ የሚበልጥ ጽሑፍ ሲላክ፣ የተረፈው ወደ አጎራባቹ የማሽኑ ትውስታ ይፈሳል። አጥቂው ትርፉ የት እንደሚያርፍ ካወቀ፣ እዚያው ላይ የራሱን ትእዛዝ ይተክላል።

የት እንደሚያርፍስ እንዴት አወቀ? ተመሳሳይ ማሽኖች ሁሉ ፕሮግራሞቻቸውን በትውስታቸው ውስጥ በአንድ ዓይነት አድራሻ ስለሚያስቀምጡ ነው። አንዱን ያጠና ሁሉንም አጠና። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአሜሪካ መንግሥት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የኮምፒውተር አደጋ ምላሽ ቡድን አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሥራው በመሠረቱ ከአጥቂው ኋላ ኋላ መሮጥ ሆነ፤ ቀዳዳ ይገኛል፣ ይደፈናል፣ ሌላ ይገኛል።

ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበረች። ኢንተርኔት ወደ አገሪቱ የገባው ጥር 1989 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ፕሮጀክት በመቶዎች የሚቆጠሩ የወረዳ ከተሞችን በሳተላይት ከማዕከል ጋር ሊያገናኝ ተነሣ። ይሁንና በወረዳ ከተማ ቫይረስ በመስመር ከሚመጣ ይልቅ በፍላሽ ይመጣ ነበር። ማመልከቻ ሊያስተይብ የሄደ ሰው ፍላሹን ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ይነቅላል፤ ቤቱ ወይም ቢሮው ሲደርስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይጠብቁታል። ዊንዶውሱ ክራክ የተደረገ ነው፤ አንቲቫይረሱ ከሲዲ የተጫነ፣ ከተጫነ ወዲህም አፕዴት አይቶ የማያውቅ። መድኃኒቱ ያው የታወቀው ነው፦ ፎርማት።

በዓለም ደረጃ ግን ከኋላ መሮጥ የሰለቻቸው ሰዎች ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ፓክስ በሚባል ስም የሚሠሩ የሊኑክስ ባለሙያዎች ጥያቄውን ገለበጡት። ቀዳዳውን ሁሉ አግኝተን መድፈን ካልቻልን፣ አጥቂው የሚያውቀውን አድራሻ ለምን አንለውጥበትም? ባወጡት ዘዴ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር ክፍሎቹ በትውስታ ውስጥ በዕጣ ይቀመጣሉ። ቀዳዳው አለ፤ አጥቂው በቀዳዳው ገብቶ የሚረግጠው ወለል ግን ትናንት የነበረበት ቦታ የለም። ቢገምት ይስታል፤ ሲስት ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ሙከራውም ይጋለጣል። በ1996 ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ስርዓተ ክወና ይህን ዘዴ ለተጠቃሚው ሁሉ ሳይጠየቅ የሚሠራ አደረገው። ጥር 1999 ላይ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታን ይዞ ሲመጣ ዘዴው ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ ደረሰ።

በዚያው በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲን፣ ሁሉም በአጭሩ ኢንሳ የሚለውን፣ በደንብ ቁጥር 130/1999 አቋቋመ። አገሪቱ መከላከያ የሚል ስም ያለው ተቋም አገኘች።

ዕጣ የተጣለበት በር

ሐምሌ 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ታላላቆቹ የሶፍትዌር አምራቾች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ማስተካከያ አወጡ። ዳን ካሚንስኪ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የኢንተርኔትን የስም ማውጫ የሚያስት ስሕተት አግኝቶ ነበር። የስም ማውጫው ሥራ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። ኮምፒውተሩ «ይህ ባንክ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ከጥያቄው ጋር አንድ ቁጥር ይልካል፤ ትክክለኛውን መልስ የሚለየውም በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ከ65,536 አማራጮች አንዱ ብቻ ነበር። ለሰው ብዙ ነው፤ በሰከንድ ሺህ ሐሰተኛ መልስ ለሚልክ ማሽን ግን ኢምንት ነው። ቀድሞ ትክክሉን የገመተ አጥቂ የባንኩን ደንበኞች ወደ ራሱ ገጽ ይወስዳቸዋል።

መፍትሔው መዝጋትም መቁረጥም አልነበረም። ጥያቄው የሚወጣበት በር ራሱ በየጊዜው በዕጣ እንዲለዋወጥ ተደረገ። አሁን አጥቂው ቁጥሩንም በሩንም አብሮ መገመት አለበት፤ ሙከራውም በብዙ ሺህ እጥፍ ከበደበት። ከቢቸናና ከሞጣ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው በዚያች ዕለት ምንም ነገር አልተሰማውም። አገልግሎት አልተቋረጠበትም፣ የሚሞላው አዲስ ፎርም አልመጣበትም። የሚንቀሳቀስ መከላከያ በደንብ ሲሠራ መልኩ ይህ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው አጥቂው ብቻ ነው።

ከዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 2001 ላይ፣ የአሜሪካ መንግሥት የጠራው የሳይበር ጉባኤ ሐሳቡን እንደ ራሱን የቻለ የመከላከል ፈለግ መዝግቦ ተንቀሳቃሽ ዒላማ የሚል ስም ሰጠው። ስሌቱ ግልጽ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ሥርዓት ለአጥቂው ጊዜ ይሰጠዋል፤ እሱ ወራት አጥንቶ አንድ ቀን ይመታል። አድራሻው፣ በሩ፣ ቁልፉ ከተለዋወጠበት ግን ያጠናው ሁሉ ይሻግትበታል።

አጥቂውም ይንቀሳቀሳል

ቦታ እየለወጡ መዋጋት ግን ለተከላካይ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ይህን በቅርብ ያዩት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች በስካይፕ ፋይል ተላከላቸው። ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ሲመረምረው፣ ሀኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ለመንግሥታት የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ሆኖ አገኘው። ሰኔ 2007 መጨረሻ ላይ ራሱ ሀኪንግ ቲም ተጠልፎ 400 ጊጋባይት የውስጥ ሰነዱ አደባባይ ወጣ፤ ኢንሳ ከደንበኞቹ አንዱ እንደነበረም ታየ። አገር እንዲጠብቅ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና የተደራጀው ተቋም የሌላውን በር የሚያንኳኳም ሆኖ ተገኘ።

መሣሪያው ሲጋለጥ አጥቂው አልተወም፤ መሣሪያ ለወጠ። ሲቲዝን ላብ ኅዳር 2010 ላይ ባወጣው ሌላ ዘገባ፣ በውጭ የሚኖሩ ተቺዎች ሳይበርቢት ከተባለ የእስራኤል ኩባንያ በመጣ ሶፍትዌር መጠቃታቸውን፣ የጥቃቱም አንቀሳቃሾች ኢትዮጵያ ውስጥ መሆናቸውን ገለጸ። የማጥመጃውን ዘዴ ልብ ይበሉልኝ። ኢላማ የተደረገው ሰው የኢትዮጵያ ወሬ የሚያሳይ ቪዲዮ ማስፈንጠሪያ በኢሜይል ይደርሰዋል። ሲከፍተው «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርዎን አፕዴት ያድርጉ» ይለዋል። አፕዴት ያደረገ ተያዘ። «ሁልጊዜ አፕዴት አድርጉ» የሚለው የተከላካዩ ምክር ራሱ ወጥመድ ሆነ።

እውነተኛው አፕዴት ምን ያህል እንደሚያድን የታየው ደግሞ በ2009 ነው። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን ለአንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ ማስተካከያ አወጣ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥቃት በዚያው ቀዳዳ ገባና ወደ 150 አገሮች፣ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ደረሰ። ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒቱ በነጻ ተዘርግቶ ነበር። የተመቱት በዚያ ሁለት ወር ከነበሩበት ያልተንቀሳቀሱት ናቸው።

የመቁረጥ ዓመታት

በኢትዮጵያ በዚህ ጊዜ የበረታው ሌላኛው መንገድ ነበር። ግንቦት 2008 መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር በተቀራረቡ ቀናት ተከሰተ፦ የብሔራዊ ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ተሰረዘ፤ ፓርላማው ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን አጸደቀ። ፈተናው በሐምሌ ሲደገም ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት መቁረጥ ልማድ ሆነ፤ ሰኔ 15 ቀን 2011 በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ሲገደሉ ተቆረጠ፤ በየክልሉም በየምክንያቱ ተቆረጠ።

የ2012 ዓ.ም. ሰኔ ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አቆማቸው። የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በደረሰበት በዚያ ወር፣ ከሰኔ 10 እስከ 13 ባሉት ቀናት፣ ሳይበር ሆረስን ጨምሮ መቀመጫቸው ግብጽ የሆነ ቡድኖች በኢትዮጵያ የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ዘመቱ። አንዳንዶቹን ገጾች ገልብጠው የፈርዖን አጽም ሥዕልና ዓባይን የተመለከተ ዛቻ ለጠፉባቸው። ኢንሳ ቡድኖቹን በስም ጠርቶ፣ የከፋ ጉዳት ሳይደርስ ማክሸፉን ገለጸ። የመንግሥት ድረ ገጽ በባሕርዩ የቆመ ዒላማ ነው፤ አድራሻው የታወቀ ነው፣ የተሠራበት ሶፍትዌር ዓይነትና ዕድሜ ከውጭ ይነበባል፣ ብዙ ጊዜም ከተመረቀበት ቀን ወዲህ የነካው ባለሙያ የለም።

ከዚያ ዘመቻ ፍጻሜ አሥር ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23፣ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ከሁለት ሳምንት በላይም ቆየ። የግብጽ ጠላፊዎች ጥቂት ገጾችን ነበር ያጨለሙት። መቁረጡ ግን ባንኩን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ነጋዴውን ሁሉ አጨለመ።

ሠላሳ ሰከንድ የሚኖር ቁልፍ

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ተጠቃሚው ከ40 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የንግድ ባንክ የሞባይል አገልግሎትም ከዚያ በፊት ተስፋፍቶ ነበር። የቢቸና ገበሬ ጤፉን ሸጦ ብሩን በመቀነቱ ፋንታ በስልኩ ይዞ የሚመለስበት ዘመን መጣ። ከዚህ ጋር ተንቀሳቃሽ መከላከያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን የሚታይ ሆነ፤ አዲስ ስልክ ላይ አካውንት ሲከፈት በአጭር መልእክት የሚገባው የማረጋገጫ ቁጥር ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፒን የቆመ ቁልፍ ነው፤ ከትከሻ ኋላ ሆኖ ያየ ሰው ለወራት ይጠቀምበታል። የማረጋገጫው ቁጥር ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ በደቂቃዎች የሚሞት ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ዓለም አቀፍ ስልት መሠረት በአፕሊኬሽን የሚመነጨው ቁጥርማ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ይለወጣል። የተሰረቀ ቁጥር ሌባው እጅ ሳለ ያረጃል።

ሌባው ታዲያ ምን አደረገ? ማሽኑ ላይ መልፋቱን ተወና ወደ ሰውየው ሄደ። በየከተማው ሰው የሚያወራው የስልክ ማጭበርበር አካሄዱ ይህን ይመስላል፦

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ከባንክ ነው የምንደውለው። ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ እያደስንልዎት ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ምንም አይልፉ። አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ።»

«እኔ እንኳ ማንበቡ ላይ አይደለሁም። ቆይ ልጅቱን ልጥራት።»

ልጅቱ ትመጣና ጥርት አድርጋ ታነባለች። በደቂቃዎች የሚሞተው ቁልፍ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ሌላ ከተማ ያለ ሰው እጅ ገባ። አድራሻው ተለዋውጧል፣ በሩ ተለዋውጧል፣ ቁልፉ ተለዋውጧል፤ ያልተንቀሳቀሰው የአባባ እምነት ነው። ከባንክ ነኝ ያለን ሰው የማመን ወግ ከስልኩ በፊት የነበረ ነው፤ ማንም መጥቶ አፕዴት አላደረገላቸውም።

ሚያዝያ 2014 ላይ ደግሞ ጥቃቱ በሌላኛው ጫፍ ተሰማ። በሕዳሴ ግድብና በፋይናንስ ተቋማት ላይ ያነጣጠረ፣ እርስ በርስ የተያያዙ 37,000 ኮምፒውተሮችን ለመቆጣጠር የታቀደ ዘመቻ ማክሸፉን ኢንሳ አስታወቀ። ግድቡን ለመምታት የባንክ ኮምፒውተር መፈለጉ የሚነግረን ነገር አለ፤ አጥቂው ወደፈለገው ቦታ የሚገባው ብዙ ጊዜ በጎረቤት በኩል ነው።

መንቀሳቀስም ያደናቅፋል

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋረጠ። ለብዙ ወራት የሞጣና የቢቸና ስልኮች ዳታ አልነበራቸውም። ስለዚህ መቋረጥ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ንግዱና ስለ ወሬው ነው፤ ስለ ደኅንነቱ ብዙም አይነሣም። ዳታ የሌለው ስልክ አፕዴት የለውም። ሌላው ዓለም በየወሩ ቀዳዳውን ሲደፍን፣ የተቋረጠው አካባቢ ስልክ ግን በቆመበት ይቆያል፤ መስመሩ ሲመለስ የወራት ቀዳዳ ተሸክሞ ነው ወደ መረቡ የሚገባው። እንደ ሰባራ ድልድይ ሁሉ መዘዙ ከጦርነቱ ይሰነብታል።

በቀጣዩ ዓመት የመንቀሳቀስ መንገድም የራሱ ወጪ እንዳለው ታየ። መጋቢት 6 ለ 7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ለሰዓታት ሳተ፤ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ያወጡና ያስተላልፉ ጀመር። ወሬው በስልክ ከዶርም ወደ ዶርም እየተዛመተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ሥርዓቱን እስኪያቆመው ድረስ ወደ 490,000 ዝውውሮች ተፈጽመው ነበር፤ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ተናገሩ። የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ እንዳስታወቀው፣ ችግሩ የመጣው በሥርዓቱ ላይ በተደረገ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ነው።

ከአራት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016፣ ተመሳሳዩ በዓለም ደረጃ ደረሰ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን ጣላቸው፤ አውሮፕላኖች ከመሬት ሳይነሡ ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። የላከው ጠላት ሳይሆን ጠባቂው ነበር። ቦታ የሚለውጥ ተከላካይ የሚሄድበትን ቀድሞ ሰላይ ልኮ ካላስጠና፣ ራሱ ደፈጣ ውስጥ ይገባል። አፕዴትን መጀመሪያ በጥቂት ማሽኖች ላይ ሞክሮ ወደ ሌላው የማሳለፍ ልማድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አሁን በመጻፍ ላይ ያለው የመጨረሻው ምዕራፍ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ይህ ሥርዓት የጣት አሻራና የዓይን ምስል ይመዘግባል። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ቢሰረቅ ግን ሰው ሌላ ጣት አያበቅልም። ስለዚህም ከባለ 12 አሃዙ ልዩ ቁጥር ጋር ለአገልግሎት ሰጪዎች የሚሰጥ ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥር ተዘጋጅቷል። የማይለወጠውን በሚለወጥ መሸፈን ማለት ነው። መጋቢት 2016 ላይ የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ለዚህ የሕግ ከለላ ሊሆነው የሚገባ ነው።

ከሞሪስ ፕሮግራም እስከ ፋይዳ ባሉት ከ35 በላይ ዓመታት መከላከያው እየፈጠነ ሄዷል፤ ፍጥነቱ ግን በየቦታው እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር ሌሊት ራሱን ሲያድስ፣ ቢቸና ያለው ስልክ ለወራት ዳታ አልነበረውም፤ የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በየዓመቱ ሥልጠና ቢወስድም፣ ሞጣ ያሉት አባባ ባንክ ቁጥር ጠይቆ እንደማይደውል የነገራቸው የለም። በቅርንጫፉ መስኮት ላይ ደንበኛው ደብተሩን ሲቀበል በአማርኛ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ለዚህ ከብዙ ሚሊዮን ብር ሶፍትዌር ባልተናነሰ ይጠቅማል። አጥቂ በተለዋዋጩ ላይ ጊዜውን አያባክንም። የቆመውን ይፈልጋል፤ የቆመው የት እንዳለም ያውቃል።